ጃፓን ስትሄዱ መጀመሪያ መረቁን ጠይቁ

እኛ ሰፈር ሁሉም «ኢንዶሚ» የሚለው፣ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት የሚበላው ኑድል ጃፓን ውስጥ በየሱቁ ሞልቷል። ከታዋቂዎቹ አንዱ «ዶንቤይ» ይባላል። ኒሲን የተባለው ኩባንያ ከ1976 ጀምሮ ይሸጠዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንዱን ቶኪዮ፣ ሌላውን ኦሳካ ብትገዙ ዕቃቸው አንድ ይመስላል። ክዳኑን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ግን አንዲት ደቃቅ የላቲን ፊደል ታገኛላችሁ። የቶኪዮው ላይ «ኢ»፣ የኦሳካው ላይ «ደብልዩ»። ምሥራቅና ምዕራብ ለማለት ነው። ውስጣቸው ያለው መረቅ ይለያያል። የምሥራቁ ጠቆር ይላል፤ ሶያ ሶሱና የደረቀው ዓሣ ጎላ ብለው ይሰማሉ። የምዕራቡ ፈካ ያለ ነው፤ የባሕር ቅጠሉ ጣዕም ያይልበታል።

ፋብሪካው ለአንድ ርካሽ ኑድል ሁለት መረቅ የሚያዘጋጀው ሥራ ፈትቶ አይደለም። ገዢው ስለሚያውቅበት ነው። የኦሳካ ሰው ያደገበትን መረቅ አንዴ ፉት ብሎ ይለየዋል።

ጃፓን የሚሄድ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሱሺ፣ ራመን (መረቅ ያለው ኑድል) እና ቴምፑራ (ሊጥ ውስጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰ) የሚሉ ስሞችን ይዞ ይሄዳል። ቶኪዮ ላይ ሦስቱንም ይበላና «የጃፓን ምግብ ቀመስኩ» ይላል። መቅመሱን ቀምሷል፤ የቀመሰው ግን የቶኪዮን ነው። አገሪቱ 47 ክፍለ ሀገሮች አሏት። በዱሮው ዘመን ደግሞ ከ250 የሚበልጡ መሳፍንት የየራሳቸውን ግዛት ይዘው ይኖሩ ነበር። ሕዝቡ የሚበላውን በአብዛኛው የሚያገኘው እዚያው ከመሬቱና ከባሕሩ ነበር። ፈጣኑ ባቡር ዛሬ ከቶኪዮ ኦሳካ በሁለት ሰዓት ተኩል ያደርሳችኋል። ምግቡ ግን ገና አልተቀላቀለም።

ይህን ሁሉ ልዩነት በቃል መያዝ አይቻልም። ደግሞም አያስፈልግም። አንድ ነገር መከታተል ይበቃል፤ እሱም መረቁ ነው። ሳህኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከምን እንደተሠራ ካወቃችሁ የት አካባቢ እንዳላችሁ ይገባችኋል። ምግቡ ለምን እንደዚያ እንደሆነም ይገባችኋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መብላት የምትችሉት ነገር መሆን አለመሆኑን ታውቃላችሁ። ይህ የመጨረሻው ለጾመኛና አሳማ ለማይበላ ሰው ዋና ጉዳይ ነው። እደርስበታለሁ።

መረቁ ከምን ይሠራል?

ስሙ ዳሺ ነው። ሲንተከተክ የሚያድር ነገር አይደለም። ዋና ጥሬ ዕቃዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ኮምቡ ነው፤ ሰፊና ወፍራም የባሕር ቅጠል ደርቆ። ሌላው ካትሱኦቡሺ ነው። ካትሱኦ የቱና ዘመድ የሆነ ዓሣ ነው። ይቀቀላል፣ በጭስ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ከመጠንከሩ የተነሳ በቢላ አይቆረጥም። እንደ ሳንቃ በመላጊያ ይላጋል። ኮምቡው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍና በዝግታ ይሞቃል፤ ሊፈላ ሲል ይወጣል። የዓሣው ልጣጭ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠለላል። አለቀ።

የቶኪዮው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ኮምቡን መርምሮ ያንን ምላስ ላይ የሚቀር ጣዕም የሚያመጣው ግሉታሜት መሆኑን ደረሰበት። ጣዕሙን ኡማሚ አለው። በዓመቱ አጂኖሞቶ በሚል ስም ዱቄት ሆኖ ለገበያ ወጣ።

አሁን ወደ ጂኦግራፊው እንግባ። ኮምቡ የሚበቅለው በሰሜን ጫፍ፣ በሆካይዶ ቀዝቃዛ ባሕር ነው። በፍቅር የሚበላው ግን ምዕራቡ ነው። ይህን ያመጣው መርከብ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ኪታማኤቡኔ የሚባሉ የንግድ መርከቦች ከኦሳካ እየተነሱ፣ የምዕራቡን ጠረፍ ይዘው እስከ ሆካይዶ ይወጡ ነበር። ሲሄዱ ሩዝ፣ ጨው፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥና ጥጥ ይጭናሉ። ሲመለሱ ኮምቡና ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ዓሣ ያመጣሉ። ያኔ ኤዶ ትባል የነበረችው ቶኪዮ ከዚህ መስመር ውጭ ናት። ስለዚህ ምርጡ ኮምቡ ኪዮቶና ኦሳካ ቀረ።

ውሃውም አለበት። የኪዮቶ ውሃ ማዕድኑ አነስተኛ ስለሆነ ኮምቡ ጣዕሙን በደንብ ይለቅበታል። የቶኪዮ አካባቢ ውሃ ከዚያ ጠንከር ይላል። ኤዶዎች ወደ ደረቁ ዓሣና ከጎረቤት ቺባ ወደሚመጣው ጥቁር ሶያ ሶስ አዘነበሉ። ምዕራቡ ታትሱኖ የምትባለው ከተማ የምታመርተውን ፈካ ያለ ሶስ ያዘ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የፈካው ሶስ ከጥቁሩ ይበልጥ ጨው አለበት። ቀለሙን አይታችሁ እንዳትጨምሩ።

ኮምቡው ኦሳካ ላይ አልቆመም። በደቡብ ያለችው የሳትሱማ ግዛት ነጋዴዎች በሪዩኪዩ መንግሥት በኩል፣ ማለትም በዛሬዋ ኦኪናዋ በኩል፣ ለቻይና ይሸጡት ነበር። ኦኪናዋ ባሕር ውስጥ ኮምቡ የሚባል ነገር አይበቅልም። ግን መንገድ ላይ ያለ ሰው መቅመሱ አይቀርም። ዛሬም ድረስ ተከትፎ ከአሳማ ሥጋ ጋር ተጠብሶ የቤት ምግብ ነው። መርከቦቹ ያርፉባት የነበረችው ቶያማም እንዲሁ ናት። ጥሬ ዓሣውን በኮምቡ መሃል አፍነው ያሳድሩታል። የሩዝ ኳሱን ሳይቀር በተፋቀ ኮምቡ ይጠቀልሉታል።

ሁለቱን ጣዕሞች የሚለየው መስመር የት ጋ ነው ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሴኪጋሃራ ነው። በናጎያና በኪዮቶ መሃል ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው። በ1600 የአገሪቱን ዕጣ የወሰነው ጦርነት የተደረገውም እዚያ ነው። ሞቺ የሚሉት የአዲስ ዓመት የሩዝ ቂጣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ አራት ማዕዘን፣ ወደ ምዕራብ ክብ ነው። እባብ የሚመስለውን ኢል የተባለ ዓሣ ቶኪዮዎች በጀርባው ሰንጥቀው፣ በእንፋሎት አለስልሰው ይጠብሱታል። ኦሳካዎች በሆዱ ሰንጥቀው በቀጥታ ከሰል ላይ ያደርጉታል። ኤዶ የሳሙራይ ከተማ ስለነበረች ሆድ መቅደድ ገደ ቢስ ነው ተብሎ ነው ይላሉ። ታሪኩ ያምራል፤ እኔ ግን አልምልበትም።

ሥጋውም ይከተላል። ኮቤ፣ ማትሱሳካ፣ ኦሚ፤ ስማቸው የገነነው የበሬ አገሮች ምዕራብ ናቸው። ምሥራቁ አሳማ ያበዛል። አንድ ዓይነት የድንችና የሥጋ ወጥ ኦሳካ ላይ በበሬ፣ ቶኪዮ ላይ ብዙ ጊዜ በአሳማ ይሠራል። ሜኑው ላይ «ሥጋ» የሚል ብቻ ካያችሁ የምን ሥጋ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ናጎያ የራሷ ናት

ናጎያ ከሁለቱም ወገን የለችበትም። እዚያ የሚገዛው ሚሶ ነው፤ ማለትም የተብላላ አኩሪ አተር። ሚሶ በመላው ጃፓን አለ። ኪዮቶ ነጭና ጣፋጭ ነው፣ ኪዩሹ የሚባለው የደቡብ ደሴት የገብስ ነው፣ ናጋኖ መሃል ላይ ነው። የናጎያ አካባቢው ግን ሩዝም ገብስም የማይገባበት፣ ከአኩሪ አተርና ከጨው ብቻ የሚሠራ ጥቁር ነገር ነው። ሃቾ ሚሶ ይባላል።

ከናጎያ በባቡር ቅርብ የሆነችው ኦካዛኪ ውስጥ ሁለት የቆዩ ሚሶ ቤቶች በዱሮው የቶካይዶ መንገድ ግራና ቀኝ ተፋጠው አሉ። ለጎብኚ ክፍት ናቸው፤ በዚያ ካለፋችሁ ግቡ። ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው። ሽታው ቀድሞ ይቀበላችኋል። ከሰው ቁመት የማያንሱ የእንጨት በርሜሎች ተደርድረዋል። አንዱ 6 ቶን ገደማ ሚሶ ይይዛል። በላዩ ላይ 3 ቶን የሚሆን የወንዝ ድንጋይ ሾጣጣ ሆኖ ተከምሯል። ሲሚንቶ የለም፣ ገመድ የለም። ድንጋዩን አንድ በአንድ በእጅ የሚደረድሩት ሰዎች አሉ፤ ሙያውን ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል። ሚሶው እንዲህ እየተጫነ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀመጣል። ሲወጣ መረር ያለ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ከባድ ነው። ለሌላ ሚሶ ማፍላት ያበላሸዋል ይባላል። ይሄኛው ግን እየፈላ ነው የሚበላው። የናጎያ የሚሶ ኡዶን (ኡዶን ወፍራም የስንዴ ኑድል ነው) በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል። ክዳኑ የእንፋሎት ቀዳዳ የለውም፤ ምክንያቱም ገልብጣችሁ እንደ ሳህን ልትበሉበት ነው።

ናጎያ ላይ ጠዋቱን ሆቴል ውስጥ አታባክኑት። ኪሳተን የሚባሉ የድሮ ቡና ቤቶች አሉ። ጠዋት ቡና ስታዙ በቡናው ዋጋ የተጠበሰ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አብሮ ይመጣል። ዳቦው ላይ ቅቤና ጣፋጭ ቀይ ባቄላ የሚቀባበትም አለ። እንግዳ ይመስላል፤ ቅመሱት። ሜኑው ላይ «ሞካ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የየመን ወይም የእኛው ቡና ነው። ሲዳማ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ የሚሉ ስሞች በካታካና ፊደል ተጽፈው ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ቤት በጨርቅ ማጥለያ ጠብ ጠብ እያደረገ ያወርደዋል። ጠቆር ብሎ የተቆላ ስለሆነ የለመዳችሁት የፍሬ ቃና አይጠብቃችሁ።

ካጋዋ፤ በትሪ የሚበላ ኡዶን

ካጋዋ በቆዳ ስፋት ከ47ቱ የመጨረሻዋ ናት። ዝናቧ ጥቂት፣ ወንዞቿ አጫጭር ናቸው። ለሩዝ አትመችም፤ ለስንዴ ግን ትመቻለች። ፊት ለፊቷ ጨው የሚወጣበት የውስጥ ባሕር አለ። ሾዶሺማ የተባለችው ደሴት ሶያ ሶስ ትሠራለች። ኢቡኪ የተባለችው ትንሽ ደሴት የምትታወቀው ኢሪኮ በሚባል ተቀቅሎ በደረቀ ትንሽ ዓሣ ነው። ስንዴ፣ ጨው፣ ሶስ፣ ዓሣ። አራቱን ደምሩና ሳኑኪ ኡዶን ይሆናል። እዚህ መረቁ የቶኪዮም የኦሳካም አይደለም፤ የዚያ ትንሽ ዓሣ ነው።

በ2011 ክፍለ ሀገሩ «የኡዶን ክፍለ ሀገር» ብሎ ራሱን ማስተዋወቅ ጀመረ። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ጣሪያው ላይ የኡዶን ሳህን የተሰቀለበት ታክሲ አለ። ሹፌሩ ኡዶን በእጁ መሥራት ተፈትኖ ያለፈ ነው።

ለአዲስ ሰው የሚያስደነግጠው አበላሉ ነው። ገባችሁ። አስተናጋጅ የለም። ትሪ ታነሳላችሁ፣ ሰልፉን ትይዛላችሁ። ፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ ስንት እንደምትፈልጉ ትጠይቃለች፤ አንድ ጥቅል ወይም ሁለት። ኡዶኑን በሳህን ትሰጣችኋለች። አንዳንድ ቤት በወንፊት አድርጋችሁ ራሳችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ውሃውን ማራገፍ። ቀጥሎ የተጠበሰው ነገር ተደርድሯል። ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ ዓሣ፤ በመቆንጠጫ ታነሳላችሁ። ትከፍላላችሁ። ከዚያ እንደ ውሃ በርሜል ቧንቧ ያለው ነገር ታያላችሁ፤ ቧንቧውን ስትከፍቱ ትኩስ መረቅ ይወርዳል። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የቴምፑራ ፍርፋሪ በነፃ ነው። በልታችሁ ስትጨርሱ ሳህኑን ራሳችሁ ትመልሳላችሁ። ሁሉም ነገር ከጥቂት መቶ የን አይበልጥም፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። ብዙዎቹ ቤቶች ጠዋት ከፍተው ኡዶኑ ሲያልቅ ይዘጋሉ። ለእራት ብላችሁ ብትሄዱ በሩ ተቆልፎ ይጠብቃችኋል።

አፈ ታሪኩ ኡዶንን ከቻይና ያመጣው ኩካይ የተባለው መነኩሴ ነው ይላል። በ774 እዚሁ ካጋዋ የተወለደ፣ ቻይና ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ኡዶኑን እሱ ያምጣው አያምጣው እንጃ። የምናውቀው በ816 ኮያ ተራራ ላይ ገዳም መመሥረቱን ነው። ለእኛ ሰው ከኡዶኑ ይልቅ ይሄኛው ይጠቅማል።

ለጾመኛና አሳማ ለማይበላ

ጾመኛ ሆናችሁ ጃፓን ከገባችሁ መጀመሪያ ደስ ይላችኋል። ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ በሉት) አለ፣ ሩዝ አለ፣ አትክልት አለ፣ የባሕር ቅጠል አለ። ቅቤና ወተት በዱሮው ምግብ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ችግሩ ዳሺው ነው። የሚሶ ሾርባው ውስጥ ዓሣ አለ። የተቀቀለው ቆስጣ ላይ የዓሣ ልጣጭ ተነስንሷል። የአትክልት ቴምፑራው መጥቀሻ ከዓሣ መረቅ ነው። አስተናጋጁን «ሥጋ አለው?» ብትሉት «የለውም» ይላችኋል፤ አልዋሸም። መረቁን ሥጋ ብሎ አያስበውም። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ብዙም አይቸገርም። የማይበላ ግን «ዳሺው የምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከኮምቡ ወይም ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ብቻ ከሆነ ሰላም ነው።

እንዲህ ያለውን መረቅ ያለ ስጋት የምታገኙት ገዳም ነው። ሾጂን ርዮሪ የሚባለው የመነኮሳት ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለውም። ኮያ ተራራ ላይ 50 ገደማ ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። እራት በጊዜ ነው፣ ገና ሳይመሽ። ወለል ላይ ተቀምጣችሁ፣ ዝቅ ባለች ቀለም የተቀባች ገበታ ላይ በትናንሽ ሳህን ይቀርባል። የሰሊጥ ቶፉው ለስላሳ ነው፤ በእርግጥ ቶፉ አይደለም፣ ሰሊጥና ስታርች ነው። በብርድ ደርቆ የተዘጋጀው የኮያ ቶፉ መረቁን ጠጥቶ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ በደንቡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። የእኛ ጾም ያለ ሽንኩርት ምን ይሆን ነበር ብላችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ጉርሻ ባዶ ሊመስላችሁ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ብሉት።

አሳማ ሌላ ጉዳይ ነው። በ675 አፄ ቴንሙ የበሬ፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ በተወሰኑ ወራት እንዳይበላ አዋጅ አወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የቤት እንስሳ ሥጋ መብላት የተነወረ ነገር ሆኖ ቆየ። አፄ ሜይጂ በ1872 በይፋ የበሬ ሥጋ ሲበላ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ አሳማ የሌለበት ቦታ መፈለግ ያደክማል። የፉኩኦካው ዝነኛ ነጭ ራመን የአሳማ አጥንት መረቅ ነው። ጥቁር የሶያ ሶስ ራመን የሚሉትም ብዙ ጊዜ አሳማ አለበት። የኦኪናዋ ኑድልም እንዲሁ። ላዩ ላይ ያለውን ሥጋ ማንሳት ብቻ አይበቃም። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ በየሶሱ ውስጥ የሚገባውን ሳኬና ሚሪን የተባለውን ጣፋጭ የሩዝ አልኮል ጨምራችሁ ጠይቁ። በትልልቅ ከተሞች የሐላል ራመን ቤቶች አሉ።

አማራጭ ግን ሞልቷል። ፉኩኦካ ላይ ራመኑን ትታችሁ ሚዙታኪ ጠይቁ። ዶሮ ከነአጥንቱ ተቀቅሎ ነጭ የሆነ መረቅ ነው። መጀመሪያ መረቁን ብቻ በትንሽ ኩባያ ጨው አድርገው ይሰጧችኋል፤ ከዚያ ሥጋው፣ ከዚያ አትክልቱ። ለእኔ ከራመኑ ይበልጥብኛል። ኪዩሹ በጠቅላላ የዶሮ አገር ነው፤ ኦይታ በቴምፑራ ይጠብሱታል፣ ሚያዛኪ ኮምጣጣ ሶስ ውስጥ ነክረው ያቀርቡታል። ሆካይዶ ላይ ደግሞ በግ አለ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መንግሥት ለሱፍ ብሎ በግ ማርባትን አስፋፋ፤ ሥጋው ጂንጊስካን የሚባል ጥብስ ሆነ። መሃሉ ጉብ ያለ የብረት መጥበሻ ላይ ሥጋው ይደረጋል፣ ስቡ ጠርዝ ላይ ወዳለው ሽንኩርትና ጎመን ይወርዳል። ልብሳችሁ ሁለት ቀን ይሸታል።

ጥሬ ነገር የሚፈራ ካለ፣ ቁርጥ እየበላ ሳሺሚ (ጥሬ ዓሣ) የሚፈራ ሰው አይገባኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኮቺ ጥሩ ቦታ ናት። ካትሱኦውን በሩዝ ገለባ ነበልባል ላይ ላዩን ብቻ ይለበልቡታል፤ ውስጡ ቀይ እንደሆነ በወፍራሙ ተቆርጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ተደርጎበት ይቀርባል። ኩማሞቶ ላይ ግን «ጥሬ ሥጋ» ሲሏችሁ ፈረስ መሆኑን እወቁት።

ሁሉም ጥንታዊ አይደለም

የአካባቢ ምግብ ሲባል የሺህ ዓመት ታሪክ የሚፈልግ ሰው አለ። አንዳንዱ አለው። ቢዋ ሐይቅ ዳር የሚሠራው ፉናዙሺ ዓሣ በጨውና በሩዝ ለረጅም ጊዜ የተብላላበት ነው፤ ዛሬ ሱሺ የምንለው ነገር የመጣው ከዚህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ሽታው ይከብዳል፤ ትንሽ አዝዛችሁ ሞክሩት። በእጅ የሚጨበጠው ሱሺ ግን የ19ኛው መቶ ዘመን የኤዶ የመንገድ ዳር ምግብ ነው። የሴንዳይ የበሬ ምላስ ጥብስ ከ1948 ወዲህ ነው።

የሂሮሺማው ኦኮኖሚያኪም ከጦርነቱ በኋላ ነው ያደገው። ከ1945ቱ አቶሚክ ቦምብ በኋላ ከተማዋ ላይ ምግብ አልነበረም። የነበረው የእርዳታ ስንዴ ዱቄት ነው። በጋለ ብረት ላይ ስስ ቂጣ ይጋገራል፣ ጎመን ይከመርበታል፣ በኋላ ኑድልና እንቁላል ተጨመረ። ኦሳካዎች ሁሉንም ነገር አቡክተው አንድ ላይ ይጋግራሉ። ሂሮሺማዎች በድርብርብ ይሠራሉ። ሂሮሺማ ላይ ብረቱ ፊት ለፊታችሁ ነው፤ በትንሽ የብረት መቁረጫ እየቆረጣችሁ ከላዩ ላይ ትበላላችሁ። ብዙ ጊዜ አሳማ ይገባበታል፤ ያለ አሳማ፣ በባሕር ምግብ ማዘዝ ይቻላል። የማን ይበልጣል የሚለውን ክርክር ግን ለነሱ ተዉላቸው።

ምግብ ቤት ውስጥ ስትገቡ

በር ላይ ጨርቅ ከተንጠለጠለ ቤቱ ክፍት ነው። ጨርቁ ከገባ ተዘግቷል። ጃፓንኛ ለማያነብ ሰው መስኮት ላይ የተደረደሩት የፕላስቲክ ምግቦች ትልቅ እርዳታ ናቸው፤ አስተናጋጁን ይዛችሁ ወጥታችሁ በጣት ማሳየት ነውር የለውም።

ብዙ ራመን ቤት መግቢያው ላይ የቲኬት ማሽን አለ። መጀመሪያ ብር፣ ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ ቲኬቱን ለሠራተኛው። ግራ ከገባችሁ ከላይ በግራ በኩል ያለውን ተጫኑ፤ ብዙ ጊዜ የቤቱ ዋና ምግብ እሱ ነው። አንዳንዱ ማሽን የሺህ የን ኖት ብቻ ይቀበላልና ዝርዝር ያዙ። ኢዛካያ የሚባለው መጠጥ ቤት ስትገቡ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል። ተሳስተው አይደለም፤ የመቀመጫ ዋጋ በሉት። ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 የን ይሆናል። ጉርሻ ለአስተናጋጅ አይሰጥም። ብር ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ከወጣችሁ ረስታችሁ መስሏቸው እየሮጡ ይመልሱላችኋል።

ሌላኛው ጉርሻም ይቅርባችሁ። በቾፕስቲክ ያነሳችሁትን ለጓደኛችሁ ቾፕስቲክ አታቀብሉ። አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመድ አጥንቱን የሚያነሳው እንደዚያ እየተቀባበለ ነው። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ መትከልም የለቅሶ ነው። ማካፈል ከፈለጋችሁ ሳህኑን ወደ ሰውየው ግፉለት። ኑድል ድምፅ እያሰሙ መሳብ ግን ይቻላል። ሱሺም በእጅ ይበላል፤ እዚህ ላይ እኛ ቀድመን የሠለጠንን ነን።

ውድ ቤት የምትመኙ ከሆነ በምሳ ሰዓት ሂዱ። ማታ ኪስ የሚያራግፈው ቤት ምሳ ላይ ቀለል ያለ ሜኑ አለው። ግን ከስምንት ሰዓት በኋላ ብዙው ቤት ለከሰዓት ይዘጋል። ማታም የመጨረሻው ትዕዛዝ ከመዝጊያው ቀደም ብሎ ነው። የት እንደምትበሉ ከጠፋችሁ የሆቴሉን ሰው እንዲህ በሉት፤ «ኮኮ ኖ ሜይቡትሱ ዋ ናን ደስ ካ?» ይህ ቦታ በምን ይታወቃል ማለት ነው። «ምርጥ ምግብ ቤት የቱ ነው?» ከማለት ይሻላል፤ ለዚያኛው ብዙ ጊዜ ፈረንጅ የሚሄድበትን ነው የሚነግሯችሁ። «ቡታኒኩ ዋ ታበማሴን» ደግሞ አሳማ አልበላም ነው።

ሁሉም ቦታ መድረስ ለማይችል መንገደኛ ኤኪቤን አለ። ባቡር ጣቢያ የሚሸጥ የአካባቢው ምግብ በሣጥን ነው። ቶያማ ዓሣ የተደረበበት ክብ የሩዝ ሱሺ በቀርከሃ ቅጠል ጠቅልላ ትሸጣለች። ዮኮካዋ ከ1958 ጀምሮ ሩዟን በእውነተኛ የሸክላ ድስት ነው የምታቀርበው፤ ድስቱን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ከባድ መሆኑን ብቻ አስቡበት። ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ከየአገሩ የመጡትን አንድ ላይ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ቶኪዮንና ኦሳካን በሚያገናኘው የቶካይዶ ፈጣን ባቡር ላይ በጋሪ እየዞሩ መሸጥ በጥቅምት 2023 መጨረሻ ስለቆመ ከመሳፈራችሁ በፊት ግዙ። የሴንዳይን የበሬ ምላስ ካገኛችሁ ከሣጥኑ ጎን የወጣ ክር አለ። ክሩን ሳቡት፤ ሥር ያለው ኖራ ከውሃ ጋር ይገናኝና ይግላል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ እንፋሎቱ እጃችሁን እንዳይልፈው ክዳኑን በጥንቃቄ ክፈቱ።